የተማሪ ጥናት ምርምር ይባላል ወይ? የአንድ ጥያቄና የ24 ምላሾቹ ዘገባ

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር ላይ የመክፈቻውን ጽሑፍ ያስቀመጠው አንድ ኢንተርን ሐኪም ነው። ከዲዩቲ (ከተረኝነት) በሚተርፈው ሰዓት ስድስት ሳምንት ያህል መዝገብ ቤት ተቀምጦ የሕሙማን ካርድ ሲያገላብጥ መክረሙን፣ የሚፈልገውን ሁሉ አሟልቶ የያዘ ካርድ ማግኘት ብርቅ እንደሆነበት ከገለጸ በኋላ፣ ነገሩን ወደ ሙግት አሻገረው። የሕክምና ተማሪና ጀማሪ ሐኪም የሚሠራው ሥራ ወጥ ምርምር ሊባል አይገባም ይላል። ለመመረቂያ ተብሎ ይሠራል፤ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ መልሶ የሚገልጠው የለም። ስለዚህ ግዴታነቱ ቀርቶ፣ በምትኩ ተማሪዎች የሌሎችን ምርምር አንብበው መመዘን ቢሰለጥኑ ይሻላል የሚል ነው መደምደሚያው። የማይስማማ ካለም እንዲሞግተው ጋብዟል።

እኔ ክሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ የተከታተልኩ፣ በመካከሉም አንድ ምላሽ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ውይይቱ ስለረዘመና አዲስ ገቢዎች መልስ ያገኘውን ጥያቄ መልሰው መጠየቅ ስላበዙ፣ እስካሁን የተባለውን ያልጣመኝን ጭምር ሳልደብቅ በራሴ ቃል ላስቀምጠው ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው ምላሽ ሰጪ ለረጅም ጊዜ በማስተማር የቆዩ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ጠያቂውን ልጄ ብለው ጠርተው፣ ስለ ግልጽነቱ አመስግነው፣ ከሐሳቡ ግማሹን ተቀበሉት፤ አቧራ የለበሰው ጥራዝ ብዛት እርሳቸውንም እንደሚያሳዝናቸው አልሸሸጉም። ያልተቀበሉት፣ ራስ ሳይቆጥሩ የሌላውን ቆጠራ መመዘን ይቻላል የሚለውን ነው። አንድ ሰው በእጁ ካርድ ገልጦ፣ የአንድ ታማሚ የደም ግፊት በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ተጽፎ አግኝቶ፣ የትኛውን ልመዝግብ ብሎ ካልተጨነቀ፣ በታተመ ጽሑፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የሰፈረው ቁጥር ከየት እንደመጣ አይገባውም፤ የታተመውን ሁሉ ስለታተመ ብቻ ያምናል ብለዋል።

2ኛው ምላሽ በታሪክ የተሞላ ነበር። ጀርመናዊው ፖል ላንገርሃንስ በቆሽት ውስጥ ያሉትን የሴል ደሴቶች በ1869 በመመረቂያ ጽሑፉ እንደገለጸ፣ ስዊድናዊው ኢቫር ሳንድስትረም የኡፕሳላ የሕክምና ተማሪ ሳለ በ1877 በውሻ አንገት ላይ ያየውን ዕጢ በሰውም ፈልጎ አግኝቶ በ1880 ፓራታይሮይድን እንዳሳወቀ፣ ቻርልስ ቤስት ደግሞ የሕክምና ተማሪ ሆኖ ከፍሬደሪክ ባንቲንግ ጋር በ1921 ኢንሱሊንን እንዳገኘ ዘረዘረ። ከዚህ በኋላ ተማሪ ምን ያመጣል ብሎ የሚጠይቅ ካለ ታሪክ አያውቅም ሲል ጨረሰ።

በዚህ ክር ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት 3ኛው ምላሽ፣ የ2ኛው እርማት ነው። ጸሐፊዋ በትሕትና ጀምራ ሦስት ነገር አስተካከለች። አንደኛ፣ ቤስት በ1921 ክረምት የሕክምና ተማሪ አልነበረም፤ የመጀመሪያ ዲግሪውን በፊዚዮሎጂና በባዮኬሚስትሪ የጨረሰ የ22 ዓመት ረዳት ነበር፤ ሕክምናን ያጠናቀቀው በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ የላንገርሃንስ የመጀመሪያ ግኝት የቆሽቱ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በ1868 ቆዳን በወርቅ ክሎራይድ አቅልሞ ቅርንጫፍ ያላቸው ሴሎች አይቷል፤ የነርቭ ሴሎችም መስለውት ነበር። ዛሬ የሰውነት መከላከያ ሴሎች መሆናቸው ይታወቃል። ሦስተኛ፣ የቆሽቱን ደሴቶች ሲገልጽ ሥራቸው ምን እንደሆነ እንደማያውቅ በግልጽ ጽፏል። እንግዲህ ይህ ተማሪ በአንዱ ያየው ትክክል ሆኖ ትርጉሙን ሳተ፤ በሌላው ያየውን ብቻ ጽፎ ትርጉሙን ለሌላ ተወ። እርሷ ተማሪን ማስተማር የምትፈልገው ሁለተኛውን ነው።

4ኛው ምላሽ ሰጪ ትሕትና አልፈጀም። የተጠሩት ስሞች በሙሉ ከወንፊት የተረፉ ናቸው፤ በየዓመቱ ተጠርዘው የሚቀሩትን ሥራዎች ቆጥሮ ከእነዚህ ጋር ያነጻጸረ ሰው እስከሌለ ድረስ፣ ሎተሪ የወጣላቸውን ብቻ ጠርቶ ሎተሪ ያዋጣል እንደማለት ነው ብሎ፣ ስለ ምርምር በሚደረግ ውይይት ላይ እንዲህ ያለ ስሌት መቅረቡ ራሱ የጠያቂውን ቅሬታ ያረጋግጣል ሲል ወረፈ። 5ኛው ደግሞ ከ3ኛው ላይ ተነስቶ ጥሩ ነገር አመጣ። የላንገርሃንስ የ1869 ጽሑፍ ራሱ ለመመረቂያ የቀረበ ጥራዝ ነበር፤ ፈረንሳዊው ኤድዋር ላጌስ ደሴቶቹን በላንገርሃንስ ስም የጠራቸው በ1893 ሲሆን፣ ይህም ከ24 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እና መደርደሪያ ላይ መቀመጥ በራሱ የከንቱነት ማስረጃ ሊሆን ይችላል ወይ ሲል ጠየቀ። 4ኛው በ6ኛ ምላሹ ተመልሶ፣ አንድ መሳቢያ ስለተከፈተ የተቆለፉት ሁሉ ወርቅ አለባቸው ማለት አይደለም አለ። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል፤ ችግሩ ስለተለያየ ነገር መከራከራቸው ነው።

ክሩ መልኩን የቀየረው በ7ኛው ምላሽ ነው። አንዲት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን በመሠልጠን ላይ ያለች ሐኪም) ታሪኳን በአጭሩ ጻፈች፤ ሆስፒታሉንም ሰዉንም አልጠራችም። ጥያቄውን ያነሳችው እርሷ ነበረች፤ መጠይቁን አዘጋጅታ፣ ለሰባት ወር መረጃ ሰብስባ፣ ፋይሉን ለአማካሪዋ በፍላሽ ሰጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ጽሑፉ የሰማችው ታትሞ፣ የሥራ ባልደረባዋ እንኳን ደስ አለሽ ለማለት አስቦ ስሟን ፈልጎ ባጣው ጊዜ ነው። በመጨረሻው የምስጋና መስመር ላይ፣ መረጃ ለሰበሰቡ በሚል፣ ያለ ስም ተመስግናለች።

8ኛው ምላሽ ሰጪ እንደሚያዝን ከገለጸ በኋላ፣ ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ ደራሲ ለመባል ያስቀመጣቸውን አራት መስፈርቶች አስታወሰ። በሐሳቡ ወይም በመረጃው ላይ ጉልህ ድርሻ ማበርከት፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂነት መውሰድ ናቸው፤ አራቱም መሟላት አለባቸው። ስለዚህ መረጃ መሰብሰብ ብቻውን ደራሲ አያደርግም አለ። ቃሉ ትክክል ነው፤ የመጣበት ሰዓት ግን ቁስል ላይ ጨው ሆነ። 9ኛው በቁጣ መለሰ፤ ቁጣው ደግሞ ባዶ አልነበረም። ያው መመሪያ የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላ ሰው ሁሉ በማርቀቁ፣ በማረሙና በማጽደቁ የመሳተፍ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። በሩን ዘግቶባት፣ አልገባሽም ብሎ የሚከሳትን ሰው መመሪያው አይደግፈውም። 8ኛው ይህን ክፍል ዘሎ ማንበቡ የታወቀበት መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

10ኛው ነገሩ የቆየ መሆኑን በሁለት ታሪክ አሳየ። የመጀመሪያው የጄምስ ፓጀት ነው። በ1835 የ21 ዓመት ልጅ፣ ገና የአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ በአስከሬን መማሪያ ክፍል ውስጥ ጡንቻው ላይ ነጫጭ ነጥቦች የተበተኑበት አካል አጋጠመው። እንዲህ ያለውን ነጥብ ሌሎችም ከዚያ በፊት ያዩት ነበር፤ ጠንካራ ስለሆነ የመቅደጃውን ስለት ያደንዝ ነበርና ለእነርሱ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረም። ፓጀት በማጉያ ተመለከተው፤ ማይክሮስኮፕ ስላልነበረው ሌላ ቦታ ሄዶ ባለው ሰው ማይክሮስኮፕ አየው፤ በነጥቡ ውስጥ የተጠቀለለ ትል አገኘ። ዛሬ ትሪኪኔላ የምንለው ነው። ትሉን በይፋ ገልጾ ስም የሰጠው ግን ዝነኛው ሪቻርድ ኦወን ሆነ። ሁለተኛው የ1904 ነው፤ ኧርነስት አይረንስ የተባለ ኢንተርን የአንድ ወጣት ታማሚ ደም በማይክሮስኮፕ ሲያይ ማጭድ መሰል ቀይ ሴሎችን አስተዋለ፤ በ1910 የታተመው ጽሑፍ ላይ በደራሲነት የሰፈረው ግን የአለቃው የጄምስ ሄሪክ ስም ብቻ ነው።

የፓጀትን ታሪክ ሳነብ የቆምኩት በስለቱ ላይ ነው። የለመደ እጅ ስለቱ መደነዙን ያያል፤ ያልለመደው ለምን ደነዘ ይላል። ለዚህ ክር የምሰጠው መልስ ካለኝ እዚያው ላይ ነው ያለው።

11ኛው ሚዛኑን ለመጠበቅ ይመስላል የጄይ ማክሊንን ጉዳይ አነሳ። የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሆኖ በዊልያም ሃወል ቤተ ሙከራ ውስጥ ደም የሚያረጋ ነገር ሲፈልግ፣ ከጉበት ያወጣው ንጥረ ነገር በተቃራኒው ደም እንዳይረጋ ሲያደርግ አገኘ፤ በ1916ም አሳተመ። ሄፓሪን የሚለውን ስም ሃወል የሰጠው በ1918 ሲሆን፣ ያኔ የተገለጸው ነገር ማክሊን ካገኘው ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ የሚለው ብዙ አከራክሯል፤ ማክሊንም በኋላ ዘመኑ ግኝቱ የእኔ ነው ለማለት ደክሟል። ስለዚህ ስም የሚወስደው ሁልጊዜ አለቃ ነው ብሎ መደምደም እንደማይገባ አሳሰበ። ሬዚደንቷ ከዚህ ሥር የጻፈችው ነገር የለም።

12ኛው የእኔ ነው። የተማሪ ጥናት የሚደክመው ተማሪ ስለሠራው ሳይሆን ጥያቄው የራሱ ስላልሆነ ነው ብዬ፣ ምልክቱ 384 የተባለው የናሙና ቁጥር መሆኑን ጻፍኩ። ፕሮፖዛል (የጥናት ዕቅድ) የጻፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 እና በ0.5 ተባዝቶ፣ 0.05 በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ሲካፈል 384.16 ይመጣል። 0.5 የሚገባው ስለ ጉዳዩ ምንም የማይታወቅ ሲሆን፣ ትልቁን ናሙና ስለሚሰጥ ነው። ቀመሩ የሚያገለግለው በአንድ ሰፊ ሕዝብ ውስጥ የአንድን ነገር ድርሻ፣ 5 በመቶ ወደ ላይ፣ 5 በመቶ ወደ ታች በሆነ ክፍተት፣ በዕጣ በተመረጠ ናሙና ለመገመት ነው። ከ100 ሰው በሁለቱ ላይ ብቻ ለሚደርስ ችግር ግን የታችኛው ጠርዝ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሁለት ሕክምናዎችን ለማወዳደርም ይህ ቀመር አይሆንም፤ ያ ሌላ ስሌት አለው። ይሁንና ጥያቄው ምንም ይሁን ምን፣ ቁጥሩ አስቀድሞ ተወስኖ ሲጠብቅ አይቻለሁ።

13ኛው 384.16 ሰው ስለሌለ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 385 መሆን እንዳለበት አረመኝ፤ ልክ ነው። መልስ ላልሰጡ 10 በመቶ ሲጨመርበት አንዱ 422፣ ሌላው 423 የሚጽፍበትም ምክንያት ይኸው ነው ብሎ ቀለደ። 14ኛው ግን አልቀለደም። አማካሪ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነው። ጊዜና ገንዘብ የሌለውን ተማሪ ከምቹ ወንበር ሆኖ መተቸት ቀላል መሆኑን ነገረኝ። 384ን የሚመርጡት ስንፍና ይዟቸው አይደለም፤ ኮሚቴው ያለ ጥያቄ የሚያሳልፈው ቁጥር እርሱ ስለሆነ ነው። ሌላ ቁጥር ያመጣ ተማሪ ሲመላለስ ሁለት ወር ያጠፋል፤ የምረቃው ቀን ደግሞ አይጠብቀውም። ይህን አልመዘንኩትም ነበርና ተቀበልኩት፤ ወቀሳዬ ወደ ተማሪው ሳይሆን ወደ ላይ መሄድ ነበረበት።

15ኛው ከቁጥር ሳይወጣ ጠቃሚ ነገር አከለ። በ30 ታማሚዎች ላይ የተሠራ አንድ የተማሪ ጽሑፍ፣ ጉዳት የደረሰበት ስለሌለ ሕክምናው ከጉዳት ነጻ ነው ብሎ ሲደመድም ማየቱን ጽፎ፣ የሦስትን ሕግ አስረዳ። ከተወሰኑ ሰዎች ውስጥ አንድም ጉዳት ካልታየ፣ 3ን በሰዎቹ ቁጥር አካፍሎ የሚገኘው እውነተኛው ድርሻ ሊደርስበት የሚችለው የላይኛው ወሰን ነው፤ በ95 በመቶ መተማመኛ። 3 ለ30 ሲካፈል 10 በመቶ ነው። እንግዲህ ከአሥር ሰው አንዱን የሚጎዳ ሕክምና እንኳ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ምንም ሳይታይ ማለፍ ይችል ነበር።

16ኛውና 17ኛው ስለ ሐኪሞች የእጅ ጽሕፈት ተቃለዱ፤ አልፋቸዋለሁ።

18ኛውን ግን የሚዘል ሰው እንዳይኖር እወዳለሁ። አንድ ጀማሪ ሐኪም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከዲዩቲ ሳይወጣ፣ የሰበሰበውን በኤክሴል ሲያስተካክል የዕድሜውን ዓምድ ብቻ መርጦ ከትንሽ ወደ ትልቅ እንዲደረደር አዘዘ። ኮምፒዩተሩ አጠገቡ ያሉትንም ልጨምር ወይ ብሎ ጠየቀው፤ እርሱ ግን በተመረጠው ብቻ ቀጥል የሚለውን ተጫነ። ዕድሜዎቹ ከባለቤቶቻቸው ተለያዩ። ምንም ቀይ ምልክት አልወጣም፤ አማካዩም አልተለወጠም፤ ፋይሉ እንደወትሮው ያማረ ነበር። የነቃው ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ የ4 ዓመት ሕፃን የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አገኘው። ሕፃኑ ባይኖር፣ ሁሉም ታማሚ ጎልማሳ ቢሆን ኖሮ አላውቅም ነበር ብሎ ነው የጻፈው። የወረቀቱን ቅጽ አልጣለውምና ሁሉንም እንደገና አስገባ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ፋይል ቆልፎ የሚነካው ቅጂውን ብቻ ነው።

19ኛው በድፍረት የተሞሉ ወጣቶችን አወደሰ። የፔሩ የሕክምና ተማሪ ዳንኤል ካርዮን በ1885 ከታማሚ ኪንታሮት የተወሰደ ደም በራሱ ክንድ ላይ አስከትቦ፣ ኦሮያ የተባለው ትኩሳትና የቆዳው ኪንታሮት አንድ በሽታ መሆናቸውን በሞቱ አሳየ። ጀርመናዊው ሐኪም ቬርነር ፎርስማን በ1929 አለቃው ከልክሎት ሳለ 65 ሳንቲ ሜትር ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ከክንዱ ደም መልስ ወደ ልቡ አስገብቶ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ወርዶ ራጅ ተነሳ፤ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። 20ኛዋ በዚህ አልሳቀችም። የፎርስማንን ታሪክ ሙሉ እንዲነግረን ጠየቀችው፤ መሣሪያው በእጇ የነበረው ነርስ ሙከራው በእርሷ ላይ የሚደረግ መስሏት ተስማምታ፣ እርሱ ጠረጴዛው ላይ አስሯት ወደ ራሱ ክንድ ዞሯል። ያታለላት መሆኑን ዝናው አልሰረዘውም አለች። ቀጥላም በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር ሥነ ምግባር የወጣው የ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫ ለጀማሪ ሐኪም ከማንም በላይ የሚመለከተው መሆኑን አስረዳች፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ራሱ አካሚው ሲሆን፣ ታማሚው እምቢ ብል ነገ ማን ያየኛል ብሎ ይፈራልና። ካርድ ማገላበጥ ብቻ ለሆነ ሥራም አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሳታስታውስ አላለፈችም።

21ኛው የመክፈቻውን ጥያቄ ወደ ቦታው መለሰው። ተማሪ ብቻውን ትንሽ ናሙና ይዞ ከሚደክም፣ ብዙ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ የጊዜ ገደብ ይዘው በየሆስፒታላቸው ቢቆጥሩስ አለ። በ2013 በብሪታንያ የተጀመረው ስታርሰርግ የተባለው የተማሪዎች የምርምር ኅብረት የመጀመሪያ ሥራው ከሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጡ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ጉዳት አላቸው ወይ የሚል ነበር፤ ከ100 በላይ ሆስፒታሎች ውስጥ ያሉ ተማሪዎች መረጃ ሰጡ። የሁሉም ስም በተባባሪ ደራሲነት ይመዘገባል። ሬዚደንቷን በስም ባይጠራም ይህን የመጨረሻውን የጻፈው ለእርሷ ይመስለኛል።

22ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። ግዴታነቱ ይቅር ከሚለው አልተመለሰም። እርሱን ያሸነፈው የፓጀት የስለቱ ታሪክ ነው። እስካሁን ያልተሞላ ካርድ ሲያገኝ ወደ ጎን ያስቀምጥ ነበር፤ አሁን የተገፉትን መልሶ ሲያይ የጎደለው ነገር በብዛት አንድ ዓይነት መሆኑን አስተዋለ። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ያዘዘበት ሰዓት ተጽፏል፤ መድኃኒቱ ለታማሚው የተሰጠበት ሰዓት ግን በካርዱ ላይ የለም፤ ያለው በነርሶች የመድኃኒት መስጫ ቅጽ ላይ ነው፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያየ ሰው ያለ አይመስልም። ጥያቄው አሁን ከትእዛዝ እስከ መጀመሪያው መርፌ ስንት ደቂቃ ይፈጃል የሚል ሆኗል። ለዚህ 384 ያስፈልገኛል ወይ ሲልም ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀ። መጀመሪያ ጥቂት ካርድ አይቶ ደቂቃዎቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ ይወቅ፤ ናሙናው ከዚያ ይሰላል፤ ይህ መልሴ ነው።

23ኛው የሬዚደንቷ ነው። የመጀመሪያዎቹን 20 ካርዶች እርሱ የጻፈውን ሳታይ ለብቻዋ እንደምትመዘግብ፣ ከዚያም የሁለቱ መዝገብ የት ላይ እንደሚለያይ አብረው እንደሚያዩ ሐሳብ አቀረበች። አንድ ነገር ግን አስቀድማ ጠየቀች፤ የመጀመሪያው ካርድ ከመገለጡ በፊት ማን ምን እንደሚሠራ፣ የማን ስም በየትኛው ቦታ እንደሚሰፍር፣ ረቂቁን ማን ማን እንደሚያየው በአንድ ገጽ ተጽፎ ይፈረም፤ ገጹም ከፕሮፖዛሉ ጋር ለኮሚቴው ይቅረብ። ጠያቂው በዚያው ምሽት ገጹን ጽፎ ልኮላታል።

24ኛው ላይ 1ኛው ሐኪም ተመለሱ። ምስጋናም ምርቃትም አልጨመሩም። ሐኪሙ ሰዓቱን የሚጽፈው ከእጁ ስልክ ላይ አይቶ ነው፤ ነርሷ ደግሞ ከዋርዱ ግድግዳ ሰዓት ላይ። ሁለቱ ሰዓቶች እኩል መሄዳቸውን አይታችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። ጠያቂው ማታ ተረኛ መሆኑንና ዋርድ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የግድግዳውን ሰዓት መሆኑን ጽፏል።